ፖስታ ቁጥር አርባ ሰባት

ከስናን ተራራ፣ ከድንቹ ማሳ ላይ
ስምንት ሆነው መጡ፣ ዘጠነኛው በላይ፤
በቃሬዛ፣ በጋቢ፣ ጋሽ አንማው የሚሏቸው፣
እንደ ወናፍ ከበር ይሰማል ሳንባቸው።

ደብረ ማርቆስ፣ ሌሊት፣ ድንገተኛ ክፍል፤
አንዱን አልጋ ለሁለት የምናካፍል፣
የኦክስጅኑ ጋን በሰንሰለት ታስሮ፣
የግድግዳው ሰዓት ከሰኔ ጀምሮ
ሦስት ተሩብ ላይ ነው።
የኔ ሥራ ደግሞ ሰዓት መመዝገብ ነው።

በቀኝ እጄ መርፌ፣ በግራ እጄ ቅጹ፣
ፊርማና መለያ በየገጽ በየገጹ።
"መቼ ጀመራቸው?" አልኩ።
እትዬ ይታይሽ ነጠላቸውን አጣፍተው
"በሬ ሲፈታ ነው" አሉኝ፣ "የማርያም ለታ።"
"ብርዱስ?"
"ጎረቤት እሳት ሲያዳፍን፣ ወደ ማታ።"
ሳጥኑ የሚወደው አራት አኃዝ ነው፤
የኛን ሰዓት ይዤ፣ ስድስት ደምሬበት፣
በሬውን ከቀንበር በደቂቃ ፈታሁት፦
አሥራ ሰባት፣ ዜሮ ዜሮ።
ማን አይቶ? ማን ቆጥሮ?

ከዚያ የፈቃዱን ወረቀት አነበብኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፦
"ሁለት መንገድ አለ፤ ጉሉኮሱ አንድም በጥድፊያ ይወርዳል፣
አንድም ጠብ ጠብ እያለ።
የትኛው እንደሚደርስዎ የታሸገው ፖስታ ይወስናል።
እምቢ ቢሉ ሕክምናዎ አይጓደልም፤
በፈለጉ ሰዓት ጥለው መውጣት ይችላሉ።"

ሳቁ። ሳላቸው ሳቃቸውን ቀደመው።
"ልውጣ? በስምንት ሰው ትከሻ ገብቼ
በማን እግር ልውጣ?"

ቆዩ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።
"ዕጣ ነዋ ነገሩ። ዕጣስ አውቃለሁ።
ያኔ መሬት ሲደለደል
ከሊቀ መንበሩ ቆብ ውስጥ እጄን ከትቼ አውጥቻለሁ።
ለወንድሜ ወንዝ ዳር፣ ለእኔ ጭንጫ ወጣ፤
ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ድንጋይ ስለቅም፣
ድንቹ ግን አልቀረም፣ ከድንጋዩ መሀል መጣ።
በል አንተ ንገረኝ፤ ከሁለቱ የቱ ይሻላል?"

"አላውቅም" አልኳቸው።

አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ጋዋን
"አይዞዎት" ስል፣ "ይሻልዎታል" ስል፣
"ዶክተሩ ያውቃል" ስል ኖሬ፣
"አላውቅም" ብዬ አላውቅም ነበር።

አዩኝ። የገበያ በሬ እንደሚያይ ሰው፣
ጥርሴን ሊቆጥሩ።
"ካላወቅህማ እሺ።
አውቃለሁ ብትለኝ፣
ታዲያ ዕጣው ለምን? ብዬ እነሣ ነበር፣ እንዲህ ሆኜም።"

አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነካሁት፤
ወረቀቱ ላይ ጥቁር ብቻ ሆነ፣ መስመር የለበትም፤
እርፍ ጨርሶታል።
የግራውን ሞከርን። እሱ ጅራፍ ያዥ ነው፣
ጥቂት ተርፎታል።

ፖስታውን ቀደድኩ። አርባ ሰባት። "ለ"።
ጠብ ጠብ እያለ።

በአምስተኛው ቀን ወደ መናኸሪያ ሄዱ፣
በባጃጅ፣ ተቀምጠው፤
መድኃኒቱን በፌስታል አንጠልጥለው።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ደወልኩ፤ ቅጹ ደውል ይላል።
ስልኩ የባለ ወፍጮው ነው። "ቆይ ላስጠራልህ" ብሎኝ
ሞተሩን እያዳመጥኩ፣ ካርዴ እየነጠበ፣
እስኪመጡ ድረስ።
"የለም" አሉ እትዬ ይታይሽ። "አረፈ፣ ባለፈው እሑድ።
ብቻ አደራ ብሎኝ ነበር፤
ያ ልጅ ከደወለ ጠይቂው ብሎኝ።
የቱ ተሻለ?"

"ገና ነው እናቴ። ሦስት መቶ ሰው ይቀረናል።"

"ሦስት መቶ!"
ወፍጮው መሀላችን ገብቶ ጥቂት ፈጨ።
"እንግዲህ ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ንገረን።
ልጁም ሳንባው የአባቱ ነው።"

ቅጹ ሦስት ሳጥን አለው፦ ድኗል። ሞቷል። አልተገኘም።
መካከለኛው ላይ ምልክት አደረግኩ።
ከሳጥኑ ውጭ፣ በእርሳስ፣ በጠባቡ ጠርዝ፣
"የቱ ተሻለ? ብለዋል" ብዬ ጻፍኩ።

ዶክተር ልየው በማግሥቱ ሲያገላብጥ አየው።
ላጲስ አነሣ።
"ይህን ኮምፒዩተሩ አይቀበልም" አለኝ።
"አውቃለሁ" አልኩት።
ላጲሱን መልሶ ኪሱ ከተተው።